አስም ያለባት ነፍሰ ጡር እናት መድኃኒቷን በራሷ ውሳኔ ማቋረጥ የለባትም

አስም የሳንባ አየር ቧንቧዎች በመቆጣታቸውና በመጥበባቸው የሚከሰት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። አንዳንድ ሴቶች ማርገዛቸውን እንዳወቁ፣ መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳል በሚል ስጋት በአፍ የሚሳበውንና በተለምዶ ፓፍ የሚባለውን መድኃኒት ያቆማሉ። ስጋቱ ለልጅ ከማሰብ የመነጨ ቢሆንም ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ፅንሱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ ደም ብቻ በመሆኑ፣ እናቲቱ አየር ሲያጥራት ፅንሱም ኦክስጅን ያጥረዋል። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ አስም ጊዜው ሳይደርስ ለመውለድ፣ ክብደቱ ዝቅተኛ ለሆነ ሕፃንና በእርግዝና ምክንያት ለሚመጣ የደም ግፊት የመጋለጥ ዕድልን ይጨምራል።

ሳልቡታሞልና ቤክሎሜታዞን ለረጅም ዓመታት ለነፍሰ ጡሮች ሲሰጡ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። በአፍ ተስበው በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚደርሱ ወደ ደም የሚገባው መጠን አነስተኛ ነው። ሥራቸው ግን ይለያያል። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ቤክሎሜታዞን ደግሞ የቧንቧውን መቆጣት ቀስ በቀስ ስለሚያበርድ ሕመም በማይሰማባቸው ቀናትም ጭምር በታዘዘው መሠረት ይወሰዳል። በቀላሉ የሚዘነጋውም ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ደረት ቀለል ሲል አስፈላጊ አይመስልምና።

አሳሳቡም ትኩረት ይሻል። ፓፉ ከተነቀነቀ በኋላ ትንፋሽን አስወጥቶ፣ እየተጫኑ በዝግታ መሳብና እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ ያስፈልጋል። ይህ የሚያስቸግራት እናት በጤና ባለሙያ እገዛ ከግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በተሠራ ማጠራቀሚያ መጠቀም ትችላለች። ከቤክሎሜታዞን በኋላ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ ይገባል።

በቤት ውስጥ ካሉት ቀስቃሾች አንዱ ጭስ ነው። የማገዶ፣ የኩበትና የከሰል ጭስ፣ በቡና ሥነ ሥርዓት ላይ የሚጨሰው ዕጣን ጭምር፣ አስሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። እንጀራ የመጋገሩን ሥራ ሌላ የቤተሰብ አባል ቢረከብ፣ ካልሆነም መስኮትና በር ቢከፈት መልካም ነው።

በእርግዝና ወቅት ትንፋሽ ማጠር በራሱ የተለመደ ነው። ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ የደረት መጨነቅና ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል ከታከሉበት ግን አስም ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል።

በቅድመ ወሊድ ክትትል ወቅት የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ይዞ መቅረብና አስም መኖሩን በካርዱ ላይ ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ይህም ለምጥ ጊዜ ይጠቅማል፤ ከወሊድ በኋላ ደም ለማቆም ወይም የደም ግፊትን ለመቀነስ ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የአየር ቧንቧን ሊያጠቡ ስለሚችሉ ባለሙያው ሌላ እንዲመርጥ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ፓፉ በምጥም ሆነ ጡት በማጥባት ጊዜ አይቋረጥም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ሳልቡታሞል ካላስታገሠ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ በመንገድም ላይ ሳልቡታሞሉን መውሰድ አይቋረጥም።