እዚያው ኪሎ ሜትር ላይ የሚይዝ ሕመም

አሜሪካ ውስጥ በስፖርት ሕክምና ክፍል የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። የእግር ሕመም ይዟቸው የሚመጡ ሯጮችን አስቀድሜ የምጠይቀው ሕመሙ ስንት ከሮጡ በኋላ እንደሚጀምር ነው። አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከእናቷ ጋር መጥታ፣ «ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቅልጥሜ ይወጠራል፣ እግሬ ይደነዝዛል፤ ትንሽ ካረፍኩ ደግሞ ደህና ነኝ» አለችኝ። እናቷ ቀበል አድርገው፣ «እህቴ፣ አሠልጣኟ ሰነፈች ይሏታል» አሉ። ሰንፋ አልነበረም።

የታችኛው እግራችን ጡንቻዎች በ4 ክፍሎች ተለይተው ፋሺያ በሚባል ሽፋን ተጠቅልለዋል። ስንሮጥ ጡንቻው ደም ይሞላዋል፤ መጠኑ እስከ 20 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ሽፋኑ አልለጠጥ ካለ ውስጡ ያለው ግፊት ያይላል፤ ጡንቻውና ነርቩ ይታመማሉ። ሐኪሙ ይህን የሚያረጋግጠው ጡንቻው ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን በመለካት ነው። በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ነው፤ ሩጫው በቆመ በ1 ደቂቃ 30 ወይም በ5 ደቂቃ 20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ አለ ይባላል።

የተለመደው ሕክምና ቆዳን ከፍቶ ሽፋኑን መሰንጠቅ ነው። አሁን ግን አንዳንድ ሐኪሞች ቦታውን ብቻ አደንዝዘው፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ቀጭን መሣሪያ አስገብተው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ይሰነጥቁታል። ሽፋኑ ስክሪኑ ላይ ደማቅ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። እኔ ዓይኔን የማልነቅለው ግን ከነርቩ ላይ ነው። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ብሎ ሽፋኑን በስቶ ወደ ቆዳ የሚወጣ ነርቭ አለ፤ ወርዱ ሲታይ የማር እንጀራ ይመስላል። እሱ ከተነካ የእግር መዳፍ የላይኛው ገጽ ሊደነዝዝ ይችላል። መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የነርቩን መንገድ ተከትዬ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ለሐኪሙ አሰምርለታለሁ።

ዘዴው በይበልጥ ለፊተኛውና ለውጪው ጎን ክፍል ይሆናል። ከኋላ በጥልቀት ያለው ክፍል ዋና ዋና የደም ሥሮች ስላሉት እዚያ መሥራቱ ያሰጋኛል። ጥናቶቹም ገና ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ሐኪሙን «ስንት ሰው ላይ ሠርተዋል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የእግር አረጋገጥን ለውጦ በመሮጥ ብቻ የተሻላቸውም አሉ።

አሠልጣኞች ሆይ፣ ልጁ «ሁልጊዜ እዚያው ጋ ያመኛል፣ ሳርፍ ይተወኛል» ካላችሁ «ቻለው» ከማለታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ላኩት። አርፎም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።