ነርሷ ያልገባት የልጅ እንግሊዝኛ

የልጅ ልጄ ተወልዶ ያደገው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመቱ እያለ፣ ላምበረት ቤቴ ቡና እየቆላሁ በቪዲዮ ደወለልኝ። ከብስክሌት ወድቆ ጭንቅላቱን መመታቱን ነገረኝ፤ እሱስ ገባኝ። ቀጥሎ «አይ ትሩ አፕ» አለ። «ትሩ» ወረወርኩ፣ «አፕ» ደግሞ ላይ መሆኑን አውቃለሁና በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ምኑን ነው ወደ ላይ የወረወርከው የኔ ጌታ? ብስክሌቱን?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ፊቱ ገርጥቷል። በመጨረሻ እጁን ከሆዱ ወደ አፉ አድርጎ አሳየኝ።

አስመልሶታል ለካ!

ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ፈጥኖ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ በሥራ ዘመኔ ለስንት እናት ተናግሬያለሁ። «ቮሚቲንግ» ቢለኝ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ብድግ እል ነበር። «ኮል ዩር ማም» አልኩት፤ እናትህን ጥራት ማለቴ ነው። እሱ ደውልላት ያልኩት መስሎት የእኔን ስልክ ዘጋው። እናቱ ለካ ምድር ቤት ልብስ እያጠበች ነበር። ቡናው አረረ። ሐኪሞች ሲከታተሉት ቆይተው ደህና ነው ብለው እንደሸኙት የሰማሁት ሌሊት ላይ ነው። ያቺ ሳቄ ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

እኛ ነርስነትን የተማርነው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የበሽታውን ስም እንጂ የበሽተኛውን አነጋገር ማን አስተማረን? የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል፤ የሰፈራችን ልጆች ስለ ፎቶሲንተሲስ በእንግሊዝኛ ጽፈው ይፈተናሉ፣ «የጫማዬ ክር ተፈታ» በል ሲባሉ ግን ይተሳሰራሉ። አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ገዛሁ። ኮተቤ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዘኛለች። መጀመሪያ ያረመችኝ ቃል በቃል መጻፌን ነው። «ፓስ» ማለት ማለፍ ነው ብዬ ብጽፍ ምን ይጠቅመኛል? «ፓስድ አውት» ራሱን ሳተ ነው፤ «ፓስድ አዌይ» ደግሞ አረፈ። በስልክ አንዱን ለሌላው የሰማ ሰው ድንኳን ሊያስተክል ነው! «ከም ራውንድ» ዞረህ ና ይመስላል፤ ራሱን ስቶ ለነበረ ሰው ሲሆን ግን ነቃ ማለት ነው። ስለዚህ አሁን የምጽፈው ሙሉውን አባባል፣ ማን ለማን እንዳለው ጭምር ነው።

ሐኪም ቤት የምናውቃቸው የአማርኛ አባባሎችም እኮ ያው ናቸው። ራሴን ሳትኩ ስንል ምኑን ነው የሳትነው? ጉንፋን በእኛ ቤት ሰውን ይይዛል፤ በእነሱ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የ«ትሩ አፕ» ጉዳይ ነው። «ወደ ላይ ይለዋል፣ ወደ ታችም ይለዋል» እያሉኝ ስንቱን ሕፃን ተቀብያለሁ! «አፕ» የምትለዋ ቃል ከእኛው «ወደ ላይ» ጋር አንድ መሆኗን ባስተውል ኖሮ ግማሹን መንገድ እደርስ ነበር።

ሌላው ያታለለኝ ፈረንጅኛ የሚመስለው ሁሉ እንግሊዝኛ አለመሆኑ ነው። ካልሲ፣ ቦርሳ፣ ፋብሪካ፣ ባኞ ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ለልጁ ካልሲህን አድርግ ለማለት «ካልሲ» ብለው ዝም ብሎ አየኝ። «ሶክስ» ነው የሚባለው። «ፋብሪክ» ደግሞ ለእነሱ ጨርቅ ነው።

አሁን እሑድ እሑድ እንለዋወጣለን፤ እሱ አንድ ይሰጠኛል፣ እኔም አንድ እሰጠዋለሁ። እያረመኝ ሲስቅ ደስ ይለዋል፤ ይሳቅ፣ ዕዳ አለብኝ። ባለፈው ሳምንት «ራሴን ፈለጠኝ» የሚለውን አስተማርኩት። መፍለጥ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስልኬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁና የማገዶ እንጨቱንና መጥረቢያውን አሳየሁት። ዓይኑን አፍጥጦ ትንሽ ዝም አለና፣ «አያቴ፣ ሐኪም ጋ ሄደሻል?» አለኝ።