የሁለት ወር ተስፋ

በይፋት ቆላ በምክር ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ከየትኛውም የሕመም ምልክት ቀድሞ የሚሰማው «ልቤ ሞቷል» የሚለውን ነው። «ትንሽ ልቤ ሲመለስ እጀምራለሁ» የሚለው ይከተላል። ሱቅ መክፈቱ፣ ማሳ ማረሱ፣ ልጅን ትምህርት ቤት መመለሱ፣ የተቃጠለ መታወቂያ ማውጣቱ ሁሉ ልብ እስኪመለስ ይቆያል። እንዲህ የሚል ሰው ሰነፍ አይደለም። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ነደደች፤ በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ በ2015 ጥር አጣዬና ጀውሃ ዳግም ታመሱ፤ ከዚያው ዓመት ሐምሌ ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያም ማጀቴን አልማረም። ይህን ሁሉ ባየ አገር የሚገርመው ልብ መሞቱ ሳይሆን አለመሞቱ ነው። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው፤ ተስፋ ይቀድማል፣ ሥራ ይከተላል በሚለው። በሙያችን የተከማቸው ማስረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ማሪየንታል የምትባል አንዲት ትንሽ የኦስትሪያ ከተማ አጠኑ። ከተማዋን ያቆማት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘግቶ ሕዝቡ ሥራ ፈትቷል። ጊዜ ሞልቷቸዋል፤ ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፣ ወንዶቹ መንገድ ላይ የሚራመዱት እየተንቀረፈፉ፣ በየመሐሉም እየቆሙ ሆነ። ይህን ድህነት ብቻውን አያስረዳውም። ቀኑን የሚከፋፍለው ሥራ ሲጠፋ ለሌላው ነገር የነበረው ጉልበትም አብሮ ጠፋ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ የድባቴን የንግግር ሕክምና ክፍሎች ነጣጥለው ፈተኑ። የታማሚውን የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ መልሶ በማደራጀት ላይ ብቻ ያተኮረው ክፍል፣ አስተሳሰብንም ለመለወጥ ከሚሠራው ሙሉ ሕክምና ያነሰ ውጤት አላሳየም። የዓለም ጤና ድርጅት በችግር ውስጥ ላሉ ማኅበረሰቦች ያዘጋጀው፣ ሐኪም ያልሆኑ ግን የሠለጠኑ ሰዎች በአምስት ግንኙነት የሚሰጡት የምክር ዘዴም አንዱ ምሰሶው ይኸው ነው። ማስረጃውን ያላለውን አላስብለውም። አሜሪካ ውስጥ በድባቴ የታመመ ሰውና ቤቱ የተቃጠለበት ሰው አንድ አይደሉም። እጅ ከልብ ቀድሞ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል፣ ልብም አንዳንዴ ተከትሎ እንደሚመጣ ግን ያሳያል።

ታዲያ ምን ያህል እርምጃ? ይህን ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከቆላው እርሻ ብንማር ይሻላል። የይፋት ቆላ ዋና ሰብል ማሽላ ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው የአገሬው ማሽላ በበልጉ እርጥበት ሚያዝያና ግንቦት ተዘርቶ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ይደርሳል። በልጉ ሲቀር ገበሬው ማሳውን ጥሎ አይሄድም፤ ቶሎ ወደሚደርስ ማሽላ፣ ወደ ጤፍ ወይም ወደ ማሾ ይዞራል። ማሾ ሐምሌ ተዘርቶ በሁለት ወር ከምናምን ይደርሳል። ደግሞ ሁሉም እኩል አይደርስም፤ አንዱ ቆባ ጠቁሮ ሲደርቅ ሌላው ገና አረንጓዴ ነው። ስለዚህ በእጅ እየተመረጠ በየተራ ይለቀማል፤ ከዘገዩበት ቆባው ፈንድቶ ፍሬው መሬት ይቀራል። የመጀመሪያው ለቀማ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ወደ ውጭ የሚላክ እህል ስለሆነ ነጋዴው አይጠፋም፣ የጨውና የደብተር ይሸፍናል። ገበሬው ማሾ የዘራው ዘንድሮ ሁሉ ይስተካከላል ብሎ አምኖ አይደለም። የቀረውን ዝናብ ገምቶ ለዚያ የሚበቃ ዘር መረጠ እንጂ።

እርምጃን በዚህ መንገድ መመጠን ይቻላል። የሚታየው እስከ እሑዱ የሰንበቴ ገበያ ድረስ ብቻ ከሆነ፣ እርምጃውም እስከ እሑድ የሚያልቅ ይሁን። «ሱቄን ልክፈት» የሚለው ሐሳብ ወረቀት ላይ ሲወርድ «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ከጎረቤት ጋር፣ ቤቱን ጠርጎ የተረፈውን ዕቃ መቁጠር» ይሆናል። መሠራት አለመሠራቱ ረቡዕ ይታወቃል። ካልተሠራ ወቀሳ የለም፤ በግማሽ ይቀነሳል፣ ቆጠራው ቀርቶ መጥረጉ ብቻ ይሆናል። («ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት እዚህ ላይ ይቀናል። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ባይነገር እመርጣለሁ፤ ያ እንቁላል ማንም ሳይነካው የተፈለፈለ ነው።)

ከባዱ ተቃውሞ «ነገም ይቃጠላል» የሚለው ነው። አይቃጠልም ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ይዋሻል። አጣዬ ላይ ሠርቶ ዳግም ያጣ ሰው ጥርጣሬው ሕመም ሳይሆን ስሌት ነው፤ ምክሩም ስሌቱን አክብሮ መነሣት አለበት። በመጀመሪያው ወር ግድግዳ ከማቆም እሳት የማይበላውን ማስቀደም ይሻላል። የትምህርት ማስረጃና የይዞታ ደብተር ቅጂ ሌላ ከተማ ዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ፣ ወደ ዕቁብ መመለስ፣ የተበተነውን ቅሬ ወይም ዕድር መልሶ መሰብሰብ፣ ሥራ የሚያውቅ ልጅ ለወንድሙ እንዲያሳየው ማድረግ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ስለ ትንንሽ እርምጃ ማውራት መንግሥትን ከኃላፊነት ያወርዳል የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ጸጥታን፣ ካሳን፣ የተከፈተ መንገድን ምክር አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቴቫን ሆብፎልና ባልደረቦቹ የጅምላ ጉዳት ለደረሰበት ሕዝብ የሚያስፈልጉ አምስት ነገሮችን ሲያስቀምጡ፣ ተስፋ ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር፤ ደኅንነት፣ መረጋጋት፣ «እችላለሁ» ማለት፣ ከሰው ጋር መተሳሰር አብረውት ተቀምጠዋል። ሌላው ግማሽ ግን ስሕተት ነው። የጠፋበትን ዕቃ ቆጥሮ የጻፈ ሰው ካሳ ሲጠየቅ የሚያቀርበው አለው፤ ቅሬውን የሰበሰበ ቀበሌ አንድ ላይ ፈርሞ አቤት ይላል። እጁን አጣጥፎ ከሚጠብቅ ሰው ባለሥልጣን የሚፈራው ነገር የለም።

ሐዘንን ግን ማንም እንዳያጣድፍ። ባህላችን ለሐዘን ራሱ ቀን ቆርጦለታል፤ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ በሙስሊሙም በኩል የዱዓው ቀን አለ። በእነዚህ ቀናት ሐዘንተኛው ምን ላድርግ ብሎ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ ጎረቤት ምግቡን ይዞ ይመጣል፣ ቡናው ይፈላል። ለቅሶ ሳይቀመጥ የሸሸ ሰው ይህን ሁሉ አጥቷል። ለእንዲህ ያለው ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ሱቅም እርሻም ሳይሆን የዘገየው ለቅሶ ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ማዘዝ ከንቱ ድካም ይሆናል። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ደግሞ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ይህ ጽሑፍ ለእሱ አይበቃም።

ለረጂዎች አንድ ነገር ልጨምር። የሐምሌ ዘር መስከረም ላይ ቢታደል ለፎቶ ካልሆነ ለማንም አይሆንም። ምክርም እንዲሁ ጊዜ አለው። የአምስት ግንኙነት ዘዴ የሚሠራው ያው ሰው በየሳምንቱ ተመልሶ «ማክሰኞ የተባለው ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስቦ አበል ከፍሎ የሚሄድ ፕሮጀክት ማጀቴ ባይደርስ ይሻላል፤ ሰዉ ጀምረው የሚተዉትን ከበቂ በላይ አይቷል።