የአሮጌ መኪናችንን ካንዴላ በገዛ እጃችን ስለ መለወጥ

ከመካከላችን መኪና ያለው ጥቂት ነው። ያለውም ቢሆን ሦስትና አራት ሆኖ ገንዘብ አዋጥቶ የገዛው፣ በብዙ ሰው እጅ ያለፈ አሮጌ መኪና ነው። ቢሆንም ይህ መኪና የባለቤቶቹ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የታመመ ወደ ሐኪም፣ መጤ ተማሪ ከነሻንጣው ወደ ማደሪያው የሚደርሰው በእሱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው መኪና ላለውም ለሌለውም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ባለፈው የብርድ ወራት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችንን ወደ ንግሥት ዓልያ አውሮፕላን ማረፊያ ለማድረስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ግማሹን መንገድ እንኳ ሳንሄድ ሞተሩ ይቆራርጥ ጀመር፤ ቤንዚን ስንሰጠው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጎትትም። በመጨረሻ መንገድ ዳር ቆመን ታክሲ ለመንን። እኅታችን አውሮፕላኑን ያገኘችው ለጥቂት ነው። በማግሥቱ የወሰድንበት ጋራዥ ሞተሩ ወርዶ መከፈት አለበት ብሎ ከአንድ ወር የቤት ኪራያችን የሚበልጥ ዋጋ ጠራብን። የዚያኑ ዕለት ማታ ግን በአገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ያደገ ጓደኛችን አራቱን ካንዴላዎች ፈትቶ በጋዜጣ ላይ ደረደራቸው። መኪናው የተነሣው በአራት ካንዴላ ዋጋ ነው። ሆኖም መካኒኩ ጨርሶ አልዋሸም ነበር፤ ለምን እንደምንል ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

ካንዴላ ምንድን ነው?

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር የአየርና የቤንዚን ቅልቅል በሲሊንደሩ ውስጥ ይጨምቅና በእሳት ብልጭታ ያቃጥለዋል። ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላው ነው። ከቦቢናው የሚመጣው በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ኤሌክትሪክ በነጩ ሸክላ መካከል ወርዶ፣ በጫፉ ላይ ያለችውን አንድ ሚሊሜትር ያህል የሆነች ክፍተት ሲዘል ይበልጫል።

ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ወረራ በኋላ እንደ ፍሬንና እንደ ፍሪሲዮን ሁሉ በመካኒኮቻችን አፍ የቀረ ቃል ነው። በአማን ደግሞ አንዱን ቡጂ፣ ብዙውን በዋጂ ይሉታል፤ ይህም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ያው ሻማ ነው። እንግዲህ መለዋወጫ ሱቅ ገብተን “ቢዲ አርባዕ በዋጂ” ብንል አራት ካንዴላ እፈልጋለሁ ማለታችን ነውና ባለሱቁ ይረዳናል።

የካንዴላ ሥራ ቀላል አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ካንዴላ በደቂቃ 1,500 ጊዜ፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይበልጫል። በዚህ ፍጥነት በበረሃው አውራ ጎዳና አራት ሰዓት ነድተን ዐቃባ ብንደርስ፣ አንዱ ካንዴላ 360,000 ጊዜ በልጯል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ብልጭታ የጫፉ ብረት በጥቂቱ ይበላል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ክፍተቱ ሲሰፋ ብልጭታው የበለጠ ቮልት ይጠይቃል፤ ያን ያህል ካላገኘ አንዳንዱን ይዘላል። ሞተሩ ቆራረጠ የምንለው ያን ጊዜ ነው።

መቼ ይለወጣል?

ተራው ካንዴላ በአሮጌ መኪና ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ያገለግላል። ኢሪዲየም የተባለው ውድ ዓይነት እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ለአሮጌ ሞተር ግን ተራው ይበቃዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ምልክቱን እንመልከት። በብርድ ጧት ሞተሩ በግድ ከተነሣ፣ ቆሞ ሲሠራ ከተንቀጠቀጠ፣ ቤንዚን መብላት ከጀመረ፣ ወይም ዳገት ላይ ከደከመ ካንዴላውን ማየት ያስፈልጋል። የአማን ኮረብቶች ይህን ቶሎ ያጋልጣሉ። ከሙት ባሕር ወደ ከተማው ሲመለሱማ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሚወጣ የደከመ ካንዴላ የሚደበቅበት ቦታ የለውም።

ስንገዛ የምንጠነቀቀው

የመኪናውን ዓይነት፣ የተሠራበትን ዓመትና የሞተሩን መጠን ጽፈን፣ አንዱን አሮጌ ካንዴላ ይዘን እንሂድ። የጥርሱ ርዝመት የግድ አንድ መሆን አለበት፤ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን ሊመታ ይችላል። ሁለተኛው ነገር የሙቀት ቁጥር ነው። በጃፓኑ ኤን.ጂ.ኬ. ካንዴላ ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ሙቀትን ቶሎ የሚያስወጣ፣ ቀዝቃዛ የሚባለው ዓይነት ይሆናል። በጀርመኑ ቦሽ ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ካንዴላው ይሞቃል። ስለዚህ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ይዞ በሌላው ፋብሪካ ላይ ያንኑ ቁጥር መፈለግ ስሕተት ነው። አቻውን ባለሱቁ ከሰንጠረዡ ላይ እንዲያሳየን እንጠይቅ።

አሠራሩ

ሀ/ ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ፤ ማታ አቁመን ጧት መሥራት ይሻላል። በብዙ መኪና የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታ የሚባለው፣ አልሙኒየም ነው። በትኩሱ ካንዴላ ሲፈታ ጥርሱ ሊበላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ደግሞ ከካንዴላው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቁልፉን አጥፍተን እናውጣ፤ ሲጋራም በአጠገባችን አይጨስ።

ለ/ የካንዴላ መፍቻ እናዘጋጅ። የብዙ አሮጌ መኪና ካንዴላ 21 ሚሊሜትር፣ የኋለኞቹ 16 ሚሊሜትር መፍቻ ይፈልጋል።

ሐ/ ሽቦዎቹ እንዳይምታቱ አንዱን ካንዴላ ፈትተን፣ ለውጠን፣ መልሰን ሳንጨርስ ሁለተኛውን አንንካ። ሽቦውን ስንነቅል የምንይዘው የላስቲክ ቆቡን እንጂ ገመዱን አይደለም።

መ/ ከመፍታታችን በፊት በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ በብስክሌት መንፊያ እናስወግድ። የአማን አቧራና አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ሠ/ የአዲሱን ካንዴላ ክፍተት ፊለር ጌጅ በሚባለው ስስ የመለኪያ ብረት እንለካ። ፕላቲና ባለው አሮጌ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፤ ኤሌክትሮኒክ በሆነው እስከ 1.1 ይደርሳል። ትክክለኛውን የሚነግረን ግን የመኪናው መጽሐፍ ነው። ስናስተካክል የምናጥፈው የውጭውን ብረት ብቻ ነው፤ የመካከለኛውን አንነካም።

ረ/ ካንዴላውን በእጅ እናስገባ። እጅ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ የቤንዚን ጎማ ቁራጭ በጫፉ ላይ ሰክተን በጎማው እናዙር። ጥርሱ ተጣምሞ ከገባ ጎማው ራሱ ይንሸራተታልና ከጉዳት ያድነናል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም።

ሰ/ በእጅ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ፣ ማጠቢያ ቀለበት ያለውን አዲስ ካንዴላ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል እናጥብቅ። ቀለበት የሌለውና መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ግን የዙር አሥራ ስድስተኛ ያህል ይበቃዋል። ጉልበት ማሳያ አይደለም።

ሸ/ ሽቦውን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ገፍተን እንሰካ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ሽቦ እየነቀሉ መፈተን በአገር ቤት ብዙ ጊዜ ያየነው ነው፤ ነገር ግን ሰውን ይመታል፣ ኤሌክትሮኒኩንም ያቃጥላልና አናድርገው።

ከመጣላችን በፊት እናንብብ

አብዛኛው ሰው አሮጌውን ካንዴላ ይጥለዋል። ይህ የሐኪም ምርመራ ውጤትን ሳያነቡ እንደ መቅደድ ነው። አራቱን እንደ ሲሊንደራቸው ተራ በጋዜጣ ላይ እንደርድራቸው።

ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ፊልትሮ ታፍኗል፣ ወይም ቾኩ ተዘግቶ ቀርቷል። ነጭ ሆኖ ካበጠ ወይም ከቀለጠ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ቤንዚን አንሶት፣ የብልጭታው ጊዜ ቀድሞ፣ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ገብቶ ሊሆን ይችላል። በዘይት ከረጠበ ግን ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እያለፈ ነው። መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉት የፒስተን ቀለበት፣ ወይም የቫልቩ ጎማ አልቋል ማለት ነው። ይህን አዲስ ካንዴላ አያድነውም፤ ለጥቂት ጊዜ ይሸፍነዋል እንጂ።

መካኒኩ ጨርሶ አልዋሸም ያልነው ስለዚህ ነው። የእኛ ሦስተኛው ካንዴላ በዘይት የረጠበ ነበር፤ የቀሩት ሦስቱ ክፍተታቸው ከመስፋቱ በቀር ደኅና ነበሩ። ሞተሩ በሽታ አለበት፤ ግን ዛሬ የሚገድለው በሽታ አይደለም። አሁን በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ሦስተኛውን ካንዴላ ፈትተን እናያለን፣ ዘይቱን በየሳምንቱ እንለካለን፣ ለፋሻውም በየወሩ ጥቂት ጥቂት እናስቀምጣለን። ያን ዕለት ሳናይ ከፍለን ቢሆን ለትምህርት ያሰብነውን ገንዘብ ባወጣን ነበር። ሳናይ “ሌባ ነው” ብለን ብንተወውም ደግሞ ሞተሩን ራሳችን በገደልነው ነበር።

በአማን ጎዳናዎች ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። ኤሌክትሪኩ ካንዴላ የሚባል ነገር አያውቅም። የእኛ አሮጌዎች ግን ገና አሉና ሳይቃጠል በቅጠል እንበላቸው። ከእናንተ መካከል መኪና ያለው፣ በሚቀጥለው ዓርብ ጧት ኮፈኑን ሲከፍት መኪና የሌለውን አንድ ጓደኛ አጠገቡ ያቁም፤ መፍቻውንም ለእሱ ይስጠው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ሲቆም ማን በመሪው ላይ እንደሚሆን አይታወቅምና።