ሐዲዱ ተዘረጋ፤ ባቡሩ ወዴት ይሂድ?



ሰው ከዕለት ሥራው ተመልሶ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ አእምሮውን የሚያሳርፍበት አንድ ነገር መፈለጉ የታወቀ ነው። አንዱ አትክልት ይኰተኵታል፤ አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው መጽሐፍ ያነባል። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን ደግሞ ብዙ ሰዎች በዕረፍት ሰዓታቸው በጠረጴዛ ላይ ትንሽ የምድር ባቡር ይሠራሉ። ይህ ባቡር የሕፃናት መጫወቻ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም፤ የእውነተኛው ባቡር እያንዳንዱ ክፍል በልክ ተቀንሶ የሚታይበት ነው። እጅግ የተለመደው መጠን እውነተኛውን 87 ጊዜ የሚያሳንሰው ሲሆን፣ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ዛሬ የምንነጋገረው ግን ባቡሩ እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን፣ ከተሠራ በኋላ ምን ሥራ እንደሚሰጠው ነው። ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውንና ዓመታቸውን አፍስሰው ሐዲዱን ይዘረጋሉ፤ ተራራውን ያቆማሉ፤ ትንንሾቹን ቤቶች ቀለም ይቀባሉ። ከዚያም ባቡሩን አስነሥተው ክቡን ሐዲድ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ ያዞሩታል። ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ያደንቃል። በሳምንቱ አድናቆቱ ያልቃል፤ በወሩ ሐዲዱ አቧራ ይለብሳል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው ሁሉ፣ ባለቤቱም ያንኑ ያማረ ተራራ አፍርሶ እንደገና መሥራት ይጀምራል። ጉድለቱ ግን በተራራው ላይ አይደለም፤ ባቡሩ የሚሄድበት ምክንያት አለማግኘቱ ነው።

ይህን ጉድለት አስቀድመው ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይኖር የነበረው ፍራንክ ኤሊሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች፣ የቤት ውስጥ ባቡር እንደ ቴአትር ነው ሲል አስረዳ። ተራራውና ከተማው መድረክ ናቸው፤ ባቡሮቹ ተዋንያን ናቸው፤ የጊዜ ሠሌዳው ደግሞ የተውኔቱ ድርሰት ነው። ድርሰት የሌለው ተዋናይ ምንም ልብሱ ቢያምር በመድረክ ላይ ከመንጐራደድ በቀር የሚሠራው የለውም።

እንግዲህ ይህን ድርሰት እንዴት እንጀምረው? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና መጀመሪያው ትንሽ ቢሆን ይመረጣል። አላን ራይት የተባለ እንግሊዛዊ ያቀደው አንድ አነስተኛ የጣቢያ ግቢ ለጀማሪ በጣም የተመቸ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ ሳንቃ ይበቃዋል። በላዩ ሦስት ሐዲዶች ይዘረጋሉ፤ አንደኛው አምስት ፉርጎ፣ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፉርጎ ይይዛሉ። ሦስቱም በሁለት መቀየሪያዎች አማካይነት ከአንድ መውጫ ሐዲድ ጋር ይገናኛሉ፤ መውጫውም አንድ ሎኮሞቲቭና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይችላል።

በግቢው ውስጥ ስምንት ፉርጎዎች ይቆማሉ። በስምንት ቍራጭ ወረቀት የፉርጎዎቹ ቍጥር ይጻፍና ተጠቅልሎ በባርኔጣ ውስጥ ይጨመራል። ከዚያ አምስቱ በዕጣ ይወጣሉ። የነጂው ተግባር እነዚህን አምስት ፉርጎዎች በወጡበት ቅደም ተከተል አሰልፎ በረጅሙ ሐዲድ ላይ ማቆም ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከስምንት ፉርጎ አምስቱን በቅደም ተከተል ማሰለፊያው መንገድ 6,720 ዓይነት ስለሆነ፣ በየምሽቱ አንድ ዕጣ የሚያወጣ ሰው ሁሉንም ለመጨረስ ከ18 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ሳንቃ፣ አንድ ሎኮሞቲቭና ስምንት ፉርጎ ይህን ያህል ሥራ ከሰጡ፣ ሰፊ አዳራሽ እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ የማያስፈልግ መሆኑ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ለየሐዲዱ ባለቤት መስጠት ነው። አንደኛው ሐዲድ የዱቄት ፋብሪካ፣ ሌላው የነዳጅ ማከማቻ፣ ሦስተኛው የጠቅላላ ዕቃ መጋዘን ይሁን። ወዲያውኑ ፉርጎዎቹ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ስንዴና ዱቄት በዝናብ እንዳይበላሽ ክዳን ያለው ፉርጎ ይፈልጋል፤ ነዳጅ በበርሜል ቅርጽ የተሠራውን ይፈልጋል፤ እንጨትና ብረት በክፍት ፉርጎ ይጫናል። ከእንግዲህ ወዲያ ነጂው አንድን ፉርጎ የሚያንቀሳቅሰው ደስ ስላለው ሳይሆን በአንድ ስፍራ ያለ ሰው ስለሚጠብቀው ነው።

ሦስተኛው እርምጃ መሸኛ ነው። ይህን ጉዳይ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ለመረዳት አይቸግረንም። አንድ ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት ተነሥቶ ወደሚመለከተው ክፍል ሲሄድ ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደተላከና ለምን እንደተላከ የሚገልጽ ጽሑፍ አብሮት ይሄዳል። መሸኛ የሌለው ወረቀት በአንዱ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። ፉርጎም እንደዚሁ ነው።

በዚህ ረገድ ዳግ ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1961 የገለጸው አሠራር እስከ ዛሬ በብዙ ቤቶች ይሠራበታል። ለእያንዳንዱ ፉርጎ ቍጥሩና ዓይነቱ የተጻፈበት አንድ ካርድ ይዘጋጃል፤ የካርዱም ታች ታጥፎ እንደ ኪስ ይሆናል። በኪሱ ውስጥ መሸኛው ይገባል። ብዙዎች የሚጠቀሙበት መሸኛ በፊቱና በጀርባው፣ ከላይና ከታች አራት ትእዛዝ ይይዛል። ለምሳሌ የመጀመሪያው፦ «ባዶውን ፉርጎ ወደ ዱቄት ፋብሪካ አድርስ» ይላል። ሁለተኛው፦ «ዱቄት ጭኖ ወደ ወደብ ይሂድ»፤ ሦስተኛው፦ «ከወደብ ስንዴ ጭኖ ወደ ፋብሪካው ይመለስ»፤ አራተኛው፦ «ስንዴውን አራግፎ በጣቢያው ግቢ ይቁም» ይላል። የዕለቱ ሥራ ሲፈጸም፣ ወደታዘዘበት የደረሰው ፉርጎ ሁሉ መሸኛው ተገልብጦ የሚቀጥለው ትእዛዝ ይታያል። በየሐዲዱ ፊት ትንሽ ሣጥን ይደረግና በዚያ የቆሙት ፉርጎዎች ካርድ ይቀመጥበታል። ነጂው ከሣጥኑ ካርዱን አንሥቶ ሲያነብ ሥራውን ያውቃል።

«ታዲያ ወደቡ የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ወደቡን መሥራት አያስፈልግም። በሳንቃው ጫፍ፣ ከመጋረጃ ወይም ከመደርደሪያ በስተኋላ፣ ከዐይን የተሰወረ አንድ ሐዲድ ይበቃል። ከዚያ የሚመጣ ባቡር ከሩቅ አገር እንደመጣ ይቈጠራል፤ ወደዚያ የሚገባውም ወደ ሩቅ አገር ሄደ ይባላል። በቴአትርም ተዋናዩ ከመጋረጃው በስተኋላ ሲገባ ወደ ሌላ ከተማ መሄዱን ሁላችንም እንቀበላለን።

አራተኛው እርምጃ ስለ ፍጥነት ነው። በእውነተኛው መስመር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር፣ በ87 ሲካፈል በሰከንድ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይሄዳል። በጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚለየው ደግሞ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሁለት ሜትሩን ሳንቃ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። ከዚህም በላይ በእውነተኛው ባቡር ፉርጎ በተቀጠለ ጊዜ ሠራተኛው ወርዶ የፍሬኑን የአየር ቱቦ ያገናኛል፤ ፍሬኑም መያዙ ይመረመራል። ስለዚህ ፉርጎ ሲቀጠል ወዲያው መንቀሳቀስ አይገባም፤ ቢያንስ እስከ ዐሥር ይቈጠር። ይህ ትዕግሥት ለዐይን የሚታየውን መጫወቻ ለልብ ወደሚታመን ባቡር ይለውጠዋል።

እነዚህ ከተለመዱ በኋላ ሁለተኛ ጣቢያ፣ ሁለተኛ ባቡርና ሁለተኛ ሰው ይጨመራሉ። በዚህ ጊዜ ሰዓትና ሥርዓት ያስፈልጋሉ። ለዚህ የራሳችን አገር ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር በነጠላ ሐዲድ የሚሠራ ነበር። ቡና ይዞ የሚወርደውና የውጭ አገር ዕቃ ይዞ የሚወጣው ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ስለሚመጡ፣ መተላለፍ የሚችሉት ሁለተኛ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው። አንዱ ገብቶ ይቆማል፤ ሌላው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ካልተወሰነ የሚከተለው አደጋ ነው። በጠረጴዛ ላይ ማንም ሰው አይጐዳም፤ ነገር ግን መጠበቅን፣ ማሳወቅንና ቃልን ማክበርን ሁለቱም ነጂዎች ይማራሉ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ አንድ ችግር አለ። በሁለት ጣቢያዎች መካከል 20 ኪሎ ሜትር ቢኖር፣ በ87 ሲካፈል 230 ሜትር ይሆናል። ይህን የሚያህል ሳሎን በማን ቤት ይገኛል? ርቀቱ በግድ ስለሚያጥር ጊዜውም እንዲያጥር ይደረጋል። ይኸውም ከተራው ሰዓት ስድስት ጊዜ የሚፈጥን ሰዓት ይሰቀላል፤ በእርሱ ዘንድ ዐሥር ደቂቃ እንደ አንድ ሰዓት ይቈጠራል፤ የጊዜ ሠሌዳውም በዚሁ ይጻፋል። ይህ ግን ለጀማሪ የሚቸኰልበት ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ባቡሮቹ በተራ ይሂዱ፤ ሰዓቱ በኋላ ይደርሳል።

በመጨረሻ አንድ ሰው እናንሣ። በካሊፎርኒያ በሞንተሬይ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን አለን በቤቱ የሠራው ባቡር በተራሮቹና በገደሎቹ ውበት በዓለም የታወቀ ነበር። እርሱ ግን ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ግንባታው ሳይፈጸም ወዳጆቹ በየጊዜው እየተሰበሰቡ ባቡሮቹን በሥርዓት ያሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ዓለን ዐረፈ፤ ጥቂት ቀኖች እንዳለፉም ቤቱ ተቃጥሎ ያ ሁሉ ሥራ ጠፋ። ሲያልቅ እጀምራለሁ ብሎ ቢሆን ኖሮ ባቡሮቹ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ሳይሠሩ በቀሩ ነበር።

ስለዚህ ሳንቃ ያላችሁ ሳንቃውን ዘርጉ፤ ሐዲዱን የዘረጋችሁ ተራራው ይቆያችሁ። ዛሬ ማታ ስምንት ካርድ ጻፉ፤ በአንደኛው ላይ የዕቃውን ዓይነትና የሚደርስበትን ስፍራ አመልክቱ፤ ፉርጎውንም በዝግታ ወደዚያ አድርሱ። በዚያች ሰዓት ባቡራችሁ ሥራ ጀመረ ማለት ነው።