የሸማኔው ጉድጓድ

ከጋሞ ወገን የሆነው የዶርዜ ሸማኔ ለሥራ ሲቀመጥ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ ከቤቱ ወለል ላይ ይቆፈራል፤ ስለዚህ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሸማኔ መወርወሪያውን በብብቱ ሸጉጦ ቢያመልጥ እንኳ ጉድጓዱን ይዞ ሊያመልጥ አይችልም። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ ዘመኑ ከተለወጠ ገና ሳምንት ሳይሞላው፣ በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩና በአሸዋ ሜዳ በተነሣው ሁከት፣ አብዛኞቹ የጋሞ ተወላጆች የሆኑ በሺህ የሚቈጠሩ ነዋሪዎች በማንነታቸው ተለይተው በተሳደዱ ጊዜ የደረሰባቸው ይኸው ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሟቾቹን ቍጥር 58 አድርሶታል፤ የተረፉት ነፍሳቸውን ብቻ ይዘው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ።

መከራውን ያከበደው ወራቱ ነው። ከየከተማው ሽመና ቤት ዓመቱን ሙሉ ሲቈጥብ የከረመው ጋሞ ለበዓለ መስቀል ወደ ደጋው ወደ ጨንቻ ወጥቶ ከወላጆቹና ከዘመዶቹ ጋር በአንድ ማዕድ የሚቀመጥበት ሰሞን ነበርና፣ የተፈናቀለው ሰው ያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥለውን ቀን ከማን ጋር እንደሚውል የሚያውቅበትን ሥርዓት ጭምር ነው። ቡና የሚጠራራ ጎረቤት፣ የዕቁብ ዕጣ፣ የማኅበር ጽዋ፣ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት ዕድር፣ እነዚህ ሁሉ በሰፈር የተተከሉ ናቸው፤ የሰው ልጅም ያለ እነርሱ በሕዝብ መካከል ባሕታዊ ይሆናል። የአዲስ አበባ ሰው እንጀራና ልብስ ተሸክሞ ወደየመጠለያው መጉረፉ ታላቅ ምጽዋት ነበር፤ ዳሩ ግን ምጽዋት ጎረቤትን አይተካም።

በዚያው ሳምንት በአርባ ምንጭ የሆነውን ሳስብ ግን ልቤ ይጽናናል። በወገኖቹ ሞት የተቈጣው ወጣት ለበቀል ሲተም የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ በአባቶች እጅ ያለውን ሣር አልፎ መሄድ በጋሞ ዘንድ ነውር ነውና ወጣቱ ተመለሰ። ቤቱ በሌላ አገር የፈረሰበት ሕዝብ የአባቶቹ ሥርዓት ግን አልፈረሰበትም ነበር፤ ጉድጓዱን ጥሎ የወጣ ሸማኔ ይህን ይዞ ወጥቷል ማለት ይቻላል።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት በአንተም ዕድር መዝገብ ከሰፈር የተሰደደ ጎረቤት ስም ይኖር ይሆናል። ወርኃዊ መዋጮ አልከፈለም ብለህ አትሰርዘው፤ በተመለሰ ጊዜ ስሙን ከነበረበት መስመር ያግኘው።