ክብሪት አትጫሩልን

የሚጥል በሽታ አለብኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ ለማታውቁትም ይኸው ነገርኳችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ በሽታው ሳይሆን እኛ ስንወድቅ ዙሪያችንን ከቦ የሚቆመው ሰው ስለሚያምነው ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ከበሽታው ይልቅ እሱ ብሶብኛል።

ከክብሪቱ ልጀምር። ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲንዘፈዘፍ እኛ አገር ቶሎ የሚሰማው ጩኸት «ክብሪት! ክብሪት ያለው!» ነው። ሁለት ሦስት እንጨት ይጫርና ጭሱ አፍንጫ ሥር ይያዛል። እኔ ስነቃ ቀድሞ የሚሰማኝ የድኝ ሽታ ነው፤ የሰዎቹን ፊት የምለየው ከዚያ በኋላ ነው። ከከንፈሬ በላይ ያለችውን ጠባሳ ያየ ሁሉ «ስትወድቂ ነው?» ይለኛል። አይደለም፣ ከክብሪቱ ነው። የጫረልኝ ሰውዬ ሊረዳኝ ነበር፣ እግዜር ይስጠው፤ ግን እጁ ተንቀጠቀጠና አቃጠለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጎል የሚሠራው በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። አንዳንዴ ብዙ የአንጎል ሴሎች በአንዴ፣ ያለ ቅጥ ምልክት መላክ ይጀምራሉ፤ ያኔ ሰውነት ይገተራል፣ ይንዘፈዘፋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። እስቲ አስቡት፤ ክብሪቱ እስኪፈለግ፣ እስኪጫር፣ አፍንጫ እስኪደርስ ያው አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ሰውየው ሊነቃ ሲል ጭሱ ይደርሳል፣ ምስጋናውንም ክብሪቱ ይወስዳል። ስንት ዘመን «ሲሠራ አይቻለሁ» እየተባለ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። የወደቀውን ሰው ቁልፍ ማስጨበጡም ከዚህ አይለይም።

«ምላሱን እንዳይውጥ» ተብሎ አፍ ውስጥ የሚገባው ማንኪያስ? ምላስ አይዋጥም። ሊነከስ ይችላል፣ አዎ፤ የተነከሰ ምላስ ግን ይድናል። በማንኪያ የተሰበረ ጥርስ መልሶ አይበቅልም።

ከአፍ የሚወጣውን አረፋ በተመለከተ ግን እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። አረፋው ምራቅ ነው። ሰው በዚያ ሰዓት መዋጥ ስለማይችል ምራቁ ከትንፋሹ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል፣ ምላስ ከተነከሰም ደም ይነካዋል። በምራቅም፣ በንክኪም፣ አንድ ትሪ ላይ አብሮ በመብላትም የሚጥል በሽታ አይተላለፍም። «ይተላለፋል» የሚለው እምነት ግን ሰው ይገድላል። ምድጃ ላይ የወደቀን ሰው «እኔም እንዳይዘኝ» ብለው ሳያነሱት የቀሩ አሉ። የተቃጠለ እጅና ፊት ይዘው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ መጀመሪያ የጣላቸው በሽታው ቢሆንም፣ እሳቱ ውስጥ ያቆያቸው የሰው ፍርሃት ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አገኙ። ከታማሚዎቹ መካከል ተገቢውን መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት ከ100 ሁለት እንኳ አይሞሉም። ዘመኑ ተለውጧል፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያ ፊኖባርቢታል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ ያገለገለ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በአግባቡ ቢታከሙ ከ100 ታማሚዎች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

እዚህ ላይ ጸበሉን ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፣ እምነቴ ነው። ጠቡ ከጸበሉ ጋር ሳይሆን «ክኒኑን ካልተውሽ አይሠራልሽም» ከሚሉት ጋር ነው። ይህን መድኃኒት ድንገት ያቋረጠ ሰው ከቀድሞው የባሰ፣ የማያቋርጥ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል፣ በዚያም ሰው ይሞታል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ታማሚዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ለእኛ ሲሆን የሚከለከልበት ምክንያት አይታየኝም። «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆምም ያው አደጋ ነው፤ የተሻለው እኮ በክኒኑ ነው።

ሌላው የሚዘነጋው፣ የሚጥል በሽታ ሁልጊዜ አይጥልም። ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ የሚቀር፣ ሲጠሩት የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ «ፈዛዛ» ተብሎ ይቆነጠጣል። መምህራን፣ ይህ ከተደጋገመ ወላጁን ጥሩና ወደ ሐኪም ላኩት።

ስለ ትዳር የሚጠይቁኝ ሴቶች ብዙ ናቸው። እናገባለን፣ እንወልዳለን። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ወላጆች የሚወለዱት አብዛኞቹ ልጆች በሽታው አይኖርባቸውም። ግን ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ በተለይ ቫልፕሮይክ አሲድ የምትወስዱ፣ ጽንስ ስለሚጎዳ በጊዜ መለወጥ ሊያስፈልግ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቁሙት።

እንግዲህ አጠገባችሁ ሰው ቢወድቅ፣ መጀመሪያ ሰዓታችሁን እዩ። ድንጋይም እሳትም ከአጠገቡ አርቁ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ጃኬት ወይም ነጠላ አድርጉ፣ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉ። አጥብቃችሁ አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ ውኃ ውስጥ ከወደቀ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ጊዜ ሳታጠፉ ሐኪም ቤት ውሰዱ። በደንብ ሳይነቃ ውኃም አታጠጡት። ሽንት አምልጦት ከሆነ ሸፍኑት፣ የከበበውን ሰው በትኑለት፣ የት እንዳለ ቀስ ብላችሁ ንገሩት፣ የራሱ ሰው እስኪመጣም አብራችሁት ቆዩ።